ቆሞ መለመንና የደም ብዛት ክኒን

ደም ብዛት አለብህ ተብዬ ክኒን መዋጥ የጀመርኩት በንጉሡ ጊዜ፣ መካኒሳ ሳርስ ነው። ክኒኑ አፍንጫዬን ደፈነው፣ አፌን አደረቀው፣ ቆሜ ስቆይም ያዞረኝ ጀመር። ለሐኪሙ አልነገርኩም። መድኃኒት ካላሠቃየ ሠራ አይባልም ብዬ ነው።

በዚያው ዓመት ለሟች ወንድሜ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ላፍቶ ሄድን። የልጅቷ አባት “አረፍ በሉ” አለን። እኛም እንደ ወጉ “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አልን። ሰውየው አልቸኮለም፤ የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይጠይቀኝ ጀመር። አራተኛው ላይ ስንደርስ ቤቱ ዞረብኝ። ስነቃ መሬት ላይ ተዘርሬያለሁ፣ የሰውየው ሚስት ክብሪት ጭራ አፍንጫዬ ሥር ይዛለች።

“ሸተተዎት?”

“አልሸተተኝም።”

እውነቴን ነው፣ አፍንጫዬ ድፍን ነው። ባልና ሚስት ተያዩ። ክብሪት የሚጫረው ለሚጥል በሽታ ነው፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ዘር ደግሞ ልጅ አይሰጥም።

“ክኒኑ ነው” አልኩ።

“ክኒን ያድናል እንጂ ይጥላል እንዴ?” አለ አባትየው። “የዛሬ ሳምንት ይምጡና ቆመው ያሳዩኝ።”

መንገድ ላይ አንዱ ጎረቤቴ “አንተ ሰውዬ፣ አማት እግር ላይ መውደቅ የሙሽራው ሥራ ነው፤ ምን አስቸኮለህ?” አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ክኒኑን አልነካሁም። በቀጠሮው ስሄድ አናቴን እንደ ሙቀጫ ይወቅጠኛል። ቆምኩ። ሰውየው ሰባቱን ቤት ጨርሶ የእናትየውን ወገን ጀመረ። ቆምኩ። በመጨረሻ “በቃ፣ ይቀመጡ” አለኝ።

“ሰጡን?”

“ሰጥቻለሁ።”

ያኔ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሐኪሙ ክንዴን አስሮ ለካ። ደግሞ ለካ።

“አባቴ፣ ክኒኑን አቋርጠዋል?”

“አዎ።”

“ሊሞቱ ይችሉ ነበር እኮ።”

“ቆሜ ነበራ የምሞተው” አልኩት።

ነገሩን ሁሉ ሲሰማ “ሲያዞርዎት ለምን አልነገሩኝም?” አለ።

“አልጠየቅኸኝማ።”

ሌላ ክኒን ሰጠኝ። ይሄኛው አያዞርም፣ ሽንት ያመላልሳል። ሠርጉ ላይ ከአማቶች መሀል እየተነሣሁ ወደ ጓሮ ስመላለስ የልጅቷ አባት በዓይኑ ይከተለኝ ነበር። ምን ያድርግ፤ ልጅቷን ሰጥቷል።