ያልተሰነጠቀው ጄሶ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ዓይን ጨፍኖ ግድግዳ መምታት ነበር። የትምህርት ቤቱ ልጆች እረፍት ላይ ስለነበሩ ክፍሉ ባዶ ነው። አለቃዬ፣ በጅቡቲ አጠራር ሼፌ፣ ሙሴ ዳሂር ትንሽ መዶሻ ሰጠኝና «ጨፍን፣ ምታ፣ ስማ» አለኝ። «ቃ ካለ ጤነኛ ነው። ቧ ካለ ውስጡ ያለው ፌሮ ብረት ዝጎ አርማታውን ገፍቶታል።»

መታሁ። ቃ፣ ቃ፣ ቃ፤ ከዚያ ቧ። ከግድግዳው ውስጥ የሆነ ሰው የመለሰልኝ መሰለኝና ደንግጬ ወደኋላ ዘለልኩ። ዳሂር ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፣ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። «አይዞህ፣ አይበላህም» ብሎ ሳቀብኝ።

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የመጣሁት የድሮው ባቡር ገና ሥራ ሳያቆም ነው። ግንበኛ ነበርኩ። ዳሂር ያስገባኝ ቡድን የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን እየዞረ አደጋ ያለበትን ክፍል ያሳውቃል። በዚህች ከተማ የባሕሩ ጨው ፌሮ ይበላል። ቅጻችን ላይ ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ ደህና፣ ይጠበቅ፣ ይዘጋ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እኔ እጽፋለሁ። «ይዘጋ» የሚለውን የሚጽፈው ዳሂር ብቻ ነው።

ስንጥቅ ስናገኝ መሻገሪያ እንሠራለታለን። መዳፍ የምታህል ስስ ጄሶ በስንጥቁ ላይ አግድም ትለጠፋለች። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጄሶዋ ትሰበራለች፤ ካልተንቀሳቀሰ ደህና ትቀመጣለች። ሳትደርቅ ቀኑን በሚስማር እንጭርባታለን፣ አውራ ጣታችንንም እንጫንባታለን። የእኔ ግራ አውራ ጣት ጫፍ የለውም፤ ድሬዳዋ ሳለሁ የብሎኬት ማሽን ወስዶታል። «አንተ እኮ ማኅተምህን ይዘህ ነው የመጣኸው!» ይለኝ ነበር ዳሂር።

ወደ አምቡሊ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ትምህርት ቤት አለች፤ ስሟን አልጠራም። የአምስተኛ ክፍል ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ እስከ ሶሌታው፣ እስከ አርማታው ጣሪያ፣ ተሰንጥቆ ነበር። መሰላል ላይ ወጥቼ ከሶሌታው ሥር ጄሶ ለጠፍኩበት፣ ቀኑን ጭሬ ጣቴን ተጫንኩባት። የተረፈውን ግማሽ ከረጢት ዘበኛው አደር ሮብሌ ጎጆ አስቀመጥኩ። «አደር» በሶማልኛ አጎት እንደማለት ነው። የባቡር ጡረተኛ ነበር፣ የተዛባ ነገር ማየት የማይችል ሰው። ጄሶዋን እያየ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ቸኩዬ ነበር። «ሥራ ነው አደር» ብዬው ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ እመጣለሁ። መሰላል ለመሸከም ሰነፍኩ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ከታች ሆኜ ባትሪ አበራለሁ፣ ጄሶዋ አልተሰበረችም፣ «ይጠበቅ» ብዬ ጽፌ እወጣለሁ። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሄደ።

አንድ ቀን ትምህርት ላይ ሳሉ ገባሁ። ልጆቹ አምስት አምስት ሆነው አንድ ዴስክ ላይ ተጣበዋል። በመስኮቱ በኩል ያለው ጥግ ግን ባዶ ነው፤ አራት ዴስክ ማንም ሳይቀመጥበት ቆሟል።

«ለምን እዚያ አትቀመጡም?» አልኩ በሶማልኛ።

ሂቦ የምትባል ቀጭን ልጅ ተነሣች። «እዚያ ጥርሱን የሚያፋጭ አለ» አለችኝ።

«ማን ነው እሱ?»

ጣሪያውን አየች እንጂ ስም አልጠራችም። «ማታ ይወርዳል። አንዳንድ ጠዋት ስንመጣ ዴስኩ ላይ ወንበር ተደርቦ እናገኛለን።»

አንድ ልጅ እንኳ አልሳቀም። ያንን አልወደድኩትም። ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ቀትር ነው፣ መብራት ጠፍቶ ቬንቲላተሩ ቆሟል። ከላይ ክርርር የሚል ድምፅ መጣ፤ ጥርስ ማፋጨት ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ቁንጥር አሸዋ ባዶው ዴስክ ላይ ወረደ።

ባትሪዬን አበራሁ። ጄሶዋ ደህና ናት፣ ፍንክች አላለችም። «አያችሁ? ይህቺ ካልተሰበረች ግድግዳው አልተነቃነቀም። ጂኒ የሚባል የለም፣ ወደ ቦታችሁ ተመለሱ!» አልኩ። ምን ያድርጉ፣ ተመለሱ። ሂቦ ቦርሳዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ ሳቅሁ። ያን ሳቄን ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ።

በማዕከላዊ ገበያ በኩል ወደ ቤቴ ስሄድ አንድ ነገር ከነከነኝ። በዚህ ከተማ አቧራ የትኛው ነገር ነው ሁለት ሳምንት ነጭ ሆኖ የሚቆየው? የእኔ ጄሶ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ትናንት የተለጠፈች ትመስል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መሰላል ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ እያዩኝ ወጣሁ። ቀኑ ያው እኔ የጻፍኩት ቀን ነው። አውራ ጣቱ ግን ሙሉ ነበር፤ ጫፍ ነበረው። የራሴን ጣት አስገብቼ ለካሁት፣ ከላይ ባዶ ቦታ ተረፈ። ቆሌዬ ተገፈፈ። ሌላ ሰው በእኔ ቀን፣ በእኔ ቦታ ሲፈርምልኝ ኖሯል! መዶሻዬን ሶሌታው ላይ አስነካሁ፤ ቧ። እጄን ዘርግቼ ወደ መሐል አስነካሁ፤ ቧ።

«ውጡ! ቦርሳ ተዉት፣ ውጡ!»

ዳይሬክተሯ ሮጣ መጣች። «በማን ፈቃድ? ወረቀት አለህ? እነዚህን ሁሉ ልጆች ይህ ፀሐይ ላይ ላስጣቸው?»

ወረቀት የለኝም። የመኖሪያ ፈቃዴ የታሰረው በዚሁ ሥራ ነው፤ ያለ ዳሂር ፊርማ ክፍል የዘጋ ሰው ደግሞ ተሰናባች ነው። «ወረቀቱ ይደርሳል ማዳም፣ ልጆቹ ግን አይመለሱም» ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

ዳይሬክተሯ ያስጠራችው ዳሂር በንዴት ጦፎ ደረሰ። «ዓመት ከመንፈቅ ይጠበቅ፣ ይጠበቅ ስትለኝ አልነበር? በአንድ ጀምበር ምን ተለወጠ?»

«ጣቱ የእኔ አይደለም» አልኩት። ያበድኩ መስሎት አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ የአደር ሮብሌን ረጅም መጥረጊያ ነጠቀና ከመስኮቱ ጥግ ራቅ ብሎ ቆሞ በእንጨቱ ጫፍ አንድ ጊዜ እዚያ ያለውን ጣሪያ ነካ አደረገው።

የበር ስፋት ያለው አርማታ ወረደ። አቧራው ሲጠራ የሂቦ ዴስክ ለሁለት ተሰብሯል። ከላይ የቀረው ፌሮ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ ይታያል። ግቢው ውስጥ ከቆሙት ልጆች መሐል ሂቦ አየችኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

አደር ሮብሌ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ። «ሰባት ጊዜ ጠግኜልሃለሁ» አለኝ። «ሥራህ ተሰንጥቆ ሳይ አፈርኩልህ፤ ሼፍህም እንዳይቆጣህ ብዬ ነው። ማታ ማታ ወንበር ደርቤ እወጣለሁ። ቀኑን እንዳለ ገለበጥኩት፣ ጣትም አደረግኩበት። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ዳሂር ሊጮህበት አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት። «አንተ አልተሳሳትክም አደር። ያልነገርኩህ እኔ ነኝ።»

ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ጄሶው ሰባት ጊዜ ተሰብሯል፤ ተቆጣጣሪው መሰላል ስላላቆመ አላየም።» ዳሂር «ሁለተኛውን ሰርዘው፣ ያባርሩሃል» አለኝ። እንቢ አልኩ። ራሱን ነቀነቀና ፈረመ። ስድስት ወር ወደ ልስን ሥራ መለሱኝ፣ አላባረሩኝም። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መሰላል ሳልይዝ ክፍል አልገባሁም።

እናንተ አዲስ ተቆጣጣሪዎች፣ ጄሶ ስትለጥፉ ምን እንደሆነ ለዘበኛው ንገሩት። ልጆች አንድን ጥግ ባዶ ከተዉት ደግሞ መሰላላችሁን መጀመሪያ እዚያ አቁሙ።