እትዬ ቁሌትን ሽንኩርት ሲጣላት

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የምሳ ደወል ቢኖርም ደወሉን የሚጠብቅ ሠራተኛ አልነበረም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሲሆን ከሠራተኞች ክበብ ጀርባ ካለው ማድ ቤት የሽንኩርት ሽታ ተነስቶ፣ ግቢውን ዞሮ፣ በመስኮት ገብቶ፣ በማሽኖቹ መሃል እየተሽሎከለከለ የሰዉን ሆድ ይቀሰቅሳል። ያንን ሽንኩርት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታቁላላ የኖረችው ሴት የራሷ ስም ቢኖራትም የሚያውቀው ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ እትዬ ቁሌት ናት።

እሷም ስሟን አትጠላውም። «ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላልኝ እንጂ፣ ድንጋይም ብታመጡልኝ አብስዬ አበላችኋለሁ» ትላለች፣ ጭልፋዋን እንደ ጄኔራል በትር ይዛ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ሰኞ ነው። ከንፈሯን አሳከካት። ትንኝ ነው ብላ ተወችው። ማክሰኞ ሁለቱም የእጅ አንጓዎቿ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ። አዲሱ ሳሙና ነው አለችና ወደ ድሮው ተመለሰች። ረቡዕ የግራ ዓይኗ አበጠ፤ የባሏ የጢም ሽቶ ነው ብላ ጠርሙሱን ከነክዳኑ ጣለችው። ሐሙስ ደግሞ ጥፋቱ ወደ ጎረቤት ድመት ዞረ። ሦስት ዓመት ትራፊ ስትመገብ የኖረችው ድመት በምን ጥፋቷ በመጥረጊያ እንደተባረረች ሳታውቅ ቀረች።

ዓርብ ዕለት ማድ ቤት ውስጥ የምስሩን መረቅ በጭልፋ ቀምሳ ሳታበቃ ከንፈሯ ከበዳት፣ ጉሮሮዋም ጠበብ አለ። ረዳቷ አጠገቧ ቆማ ነበር። ይቺ ረዳት ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ሰው ላለማስቀየም ስትል እውነቱን ደፍራ የማትናገር ደግ ሴት ናት።

«ምን ሆንኩ?» አለች እትዬ ቁሌት።

«ኧረ ምንም አልሆኑም እትዬ። ትንሽ ወፈር ብለዋል» አለችና፣ ወዲያው በር ላይ ወጥታ «ሰው ድረሱልኝ!» ብላ ጮኸች።

በፋብሪካው መኪና፣ ከጨርቅ ጥቅልሎች መሃል ተቀምጣ፣ ጤና ጣቢያ ደረሰች። መርፌ ተወጋች፣ እብጠቱ ጎደለ። በሳምንቱ ለምርመራ ተመልሳ ስትሄድ ወጣቷ ሐኪም ክንዷ ላይ ጠብታ በጠብታ ደርድራ፣ በቀጭን መርፌ ጫር ጫር አድርጋ፣ ሩብ ሰዓት እንድትጠብቅ ነገረቻት። ሁለቱ ቦታ ላይ እንደ ባቄላ እብጥ አለ።

«ይኸኛው ሽንኩርት ነው» አለች ሐኪሟ። «ይኸኛው ደግሞ ነጭ ሽንኩርት።»

እትዬ ቁሌት ሳቀች። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ምግብ አብሳይ ነኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ስንት ኩንታል ሽንኩርት እንደላጥኩ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ባላውቅም ሰውነትዎ ሳይቆጥር አልቀረም።»

«ሌላ የለም? ሙዝ በይኝ፣ ሙዝ ልተው። ዓሣም እተዋለሁ። ቸኮሌትማ ከነጭራሹ አልወድም፣ ለምን ቸኮሌት አትይኝም?»

«እትዬ፣ ይኼ ገበያ አይደለም፤ የሚመረጥ ነገር የለውም» አለችና ወረቀት ላይ ጻፈችላት። አለመብላት፣ በእጅ አለመንካት፣ እንፋሎቱ ላይ አለመቆም። የታዘዘው እንክብልና መርፌ ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ጉሮሮ ከጠበበ ቶሎ መርፌውን፣ ከዚያም በቀጥታ ወደ ሕክምና።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ለደም ግፊቱ ብሎ አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ አንድ ፍሬ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሲያኝክ ኖሯል። ደም ግፊቱ ወርዶ ባያውቅም እሱ ግን «ነጭ ሽንኩርቱ ባይኖርማ የት ይደርስ ነበር!» ይላል።

«ሁለቱንም ነው የከለከለችሽ?»

«ሁለቱንም።»

«ነጩንም?»

«ነጩንም።»

መርዶ እንደሰማ ሰው አንገቱን ደፋ። ቆይቶ ተነሳና ሽንኩርቱን ከነቅርጫቱ ታቅፎ ለጓደኛው ለጸጉር አስተካካዩ ሰጥቶ ተመለሰ። «ለአንቺ የማልተወው ምን አለ?» አላት። እትዬ ቁሌት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ሽንኩርት ያነባችው የመጀመሪያው እንባ ሳይሆን አይቀርም።

በአምስተኛው ቀን ግን ባሏ ከደጅ ሲገባ ደስ ብሎት ጉንጯን ሳማት። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሩ ያረፈበት ቦታ ክብ ሆኖ ቀላ፣ ከዚያም አበጠ።

«የት ነበርክ?»

«ጸጉር አስተካካዩ ጋ። ጸጉሬን ልስተካከል ብዬ።»

«በራ ነህ እኮ!» አለችው።

ባሏ መላጣውን በመዳፉ ሸፈነ። በማግስቱ ተደራደሩ። ነጭ ሽንኩርቱን እዚያው ጸጉር አስተካካዩ ቤት ይበላል፣ ጥርሱን ይፍቃል፣ እጁን ይታጠባል፣ እስከ ምሳ ድረስም አጠገቧ አይደርስም። መሳም ከሰዓት በኋላ ብቻ ሆነ።

የቤቱ ቀሎ የሥራው ባሰ። መጀመሪያ ረዳቷ ቆርጣ፣ አቁላልታ፣ ቀምሳ እንድትሠራ፣ እትዬ ቁሌት ደግሞ በር ላይ ቆማ እንድታዝዝ ተስማሙ።

«ጨው አለው?» ትላለች ከበር።

«ቆንጆ ነው እትዬ» ትላለች ረዳቷ።

«ያንሰዋል?»

«እርስዎ ያንሰዋል ካሉ ያንሰዋል።» ደግሞ ትጨምርበታለች።

በዚያን ዕለት መቶ ሰማንያ ሠራተኛ ምሳውን በልቶ የግቢውን የውሃ በርሜል እስከ ታች አደረቀው። የአስተዳደር ኃላፊው እትዬ ቁሌትን አስጠርቶ፣ እሱም በአንድ እጁ ብርጭቆ ውሃ ይዞ፣ «ወደ ንብረት ክፍል ብናዛውርዎትስ? እዚያ የሚቀመስ ነገር የለም» አላት።

«አንድ ወር ስጡኝ» አለች። «የማልቀምሰውን አላበስልም፤ የማበስለውንም እቀምሳለሁ።»

ከማግስቱ ጀምሮ ሽንኩርት ከነዘር ማንዘሩ ከማድ ቤቱ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምግብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሆስፒታል ነበር። ሾርባው ውሃ ውሃ ይላል፣ ምስሩ ዝም ይላል። የሠራተኞቹ ተወካይ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ከመዶሻው የሚበልጥ በያጅ፣ ከቤቱ ራስ ሽንኩርት በኪሱ ይዞ እየመጣ፣ ከማድ ቤቱ መስኮት ራቅ ብሎ ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ እንደ ፖም ይገምጠው ጀመር። ዕንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ ግን አያቆምም። በሦስተኛው ሳምንት «ሽንኩርታችን ይመለስ» የሚል ወረቀት አዙሮ መቶ አሥራ አራት ፊርማ አሰባሰበ። ለሐሙስ ስብሰባ ተጠራ።

እትዬ ቁሌት ለሰው አታሳይ እንጂ በጣም ተጨንቃ ነበር። እሑድ ቤቷ ውስጥ ጥቅል ጎመኗን እንደ ክር አቅጥና ከትፋ ከካሮት ጋር በትንሽ እሳት ጣደችና፣ ባሏን በመነጽሩ የሾርባ ቅመም ማሸጊያ ላይ ያሉትን ደቃቅ ጽሑፎች እንዲያነብላት አስቀመጠችው።

«ጨው፣ ስታርች፣ ስኳር፣ ቅመማ ቅመም…»

«ቅመማ ቅመም ማለት ምን ማለት ነው? ስም የለውም?»

«‹ቅመማ ቅመም› ነው የሚለው።»

«ስሙን የደበቀ ነገር እኔ አፍ ውስጥ አይገባም። ጣለው!»

እንዲህ አንድ በአንድ ሲጨቃጨቁ ጎመኑን ረሱት። እሳቱ ትንሽ ስለነበር አላረረም፤ ቀስ እያለ ቡናማ ሆነ። ድንገት ከምድጃው ጣፈጥ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ሽታ መጣ።

«አንተ!» አለች እትዬ ቁሌት ብድግ ብላ። «ሸተተህ?»

«እኔ አልበላሁም!» አለ ባሏ ወደ ግድግዳው እያፈገፈገ። «ስትሞቺ አልበላሁም!»

እሷ ግን አልሰማችውም፤ ድስቱ ላይ ተደፍታ በረጅሙ ታሸታለች። ቲማቲም ከትታ ጨመረች፣ ውሃው እስኪመጥ ጠበቀች፣ ዝንጅብልና ትንሽ ከሙን አከለችበት፣ በመጨረሻ ሎሚ ጠብ አደረገችበት። ቀመሰች። ከንፈሯን ዳሰሰች፤ ምንም የለም። ደግማ ቀመሰች። ያንን ድስት እስከ ማታ ሁለቱ ጨረሱት።

ረቡዕ ያንኑ በትልቁ ብረት ድስት ለፋብሪካው ሠራች። አምስት ሰዓት ላይ የማሽን ክፍሉ ሠራተኞች አንገታቸውን ቀና ቀና አደረጉ። ምሳ ላይ ሳህኖቹ ተጠርገው ተመለሱ።

ሐሙስ በስብሰባው በያጁ ወረቀቱን ይዞ ተነሳ። «ክቡር ኃላፊ፣ ትናንት ጥያቄያችን ምላሽ ስላገኘ፣ ሽንኩርቱም ወደ ቦታው ስለተመለሰ፣ ማኅበሩ ምስጋናውን ያቀርባል» ብሎ ተቀመጠ። ጭብጨባ ሆነ።

እትዬ ቁሌት ከኋላ ተነሳች። «ሽንኩርት አልነበረበትም።»

«እትዬ ይቀልዳሉ። እኔ ሽንኩርት አላውቅም እንዴ?»

«ጎመን ነው የበላኸው።»

«ጎመን? እኔ ጎመን አልበላም! ከሕፃንነቴ ጀምሮ አልበላም!»

ስብሰባው በሙሉ ወደ ማድ ቤት ተጓዘ። በያጁ የዕለቱን ድስት በጭልፋ ከታች ወደ ላይ እያገላበጠ ፈተሸ። አልገኝለት ሲል አንድ ሳህን አወጣና በላ። «ገና አላረጋገጥኩም» ብሎ ሁለተኛ አወጣ። በሦስተኛው ላይ ኃላፊው «ማጣራቱ ይበቃል» አለው።

የዚያን ዕለት እትዬ ቁሌት ያልጠበቀችው ሌላ ነገር ሆነ። ሰዉ ተበታትኖ ሲያልቅ ከክር ማጠንጠኛ ክፍል አንዲት ዝምተኛ ሴት ባዶ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ይቺ ሴት ዘጠኝ ዓመት ከክበቡ በልታ አታውቅም፤ ዳቦና እንቁላሏን ይዛ ደረጃው ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። እትዬ ቁሌትም ዘጠኝ ዓመት ቂም ይዛባት ነበር።

«እትዬ፣ እውነት ምንም ሽንኩርት የለበትም?»

«የለበትም።»

«እኔ ከበላሁ ሁለት ቀን ያስተኛኛል። መናገር አፍሬ ነው። ምግብ ታማርጣለች እንዳይሉኝ።»

እትዬ ቁሌት ጭልፋዋን አስቀመጠች። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ‹ያቺ ኩራተኛ› እያልኩ አማሁሽ እኮ፣ እኅቴ!»

«እኔም ‹ያቺ መርዘኛ› እያልኩ ነበር» አለች ሴትዮዋ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ሳህኗን ሞልታ ሰጠቻት። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ማንኪያ ከቀመሰች በኋላ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

የንብረት ክፍሉ ነገር በዚያው ቀረ። ሽንኩርት አምሮኝ ሞትኩ ለሚል፣ ረዳቷ ከግቢው ማዶ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ክዳን ባለው ሳህን ጥሬውን ከትፋ ታስቀምጣለች። እትዬ ቁሌት እንግድነት ስትጠራ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ትሄዳለች። «ኧረ ትንሽ ናት፣ ለሽታ ያህል ብቻ ነው የጨመርኩት» ለሚሏት ዘመዶች ደግሞ ያበጠ ፊቷን ፎቶግራፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ታሳያለች። ከዚያ በኋላ ማንም «በሞቴ ቅመሺ» አይላትም።

ባለፈው ወር ጉንፋን ጣላት። በሕይወቱ ውሃ እንኳ አፍልቶ የማያውቀው ባሏ «ዛሬ እኔ ነኝ የማበስለው» ብሎ ሽርጥ አሰረ። ከመኝታ ቤት ሆና የድስት ክዳን ሲወድቅ፣ ሲነሳ፣ ደግሞ ሲወድቅ ሰማች። «ድንቹ ይላጣል?» አለ። «ይላጣል።» «ሁሉም?» ቆየና ደግሞ «ዝንጅብሉ ስንት ነው?» አለ። «እንደ አውራ ጣት።» «የእኔ አውራ ጣት ወይስ የአንቺ?»

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሾርባውን በትሪ ይዞ ገባ። ድንቹ ግማሹ ቀልጦ ግማሹ አልበሰለም፤ ዝንጅብሉ ከነልጣጩ መሃል ላይ ተንሳፍፏል። ሽንኩርት ግን የለበትም፤ የድስቱን ክዳን ሳይቀር ሦስት ጊዜ አጥቦታል። እትዬ ቁሌት ትራሷን ተደግፋ ቁጭ አለችና እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣችው።

«እንዴት ነው?» አላት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ።

«ትኩስ ነው» አለችው።

ባሏ ፊቱ በራ። ስልኩን አንስቶ ጸጉር አስተካካዩ ጋ ደወለና፣ ወደ ሳሎን እየወጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ስማ እንጂ፣ ዛሬ ማን እንዳበሰለ ታውቃለህ?» ሲል ተሰማ።