የዘፋኟ ተራ

የያዙኝ ከቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። «ሳትጠይቁን ለምን በስማችን ፈረማችሁ?» ከማለት በቀር የተናገርኩት የለም። ያስገቡኝ የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ለስምንት ሴት ጠባብ ነበር። መስኮቱ ከራስ በላይ ነው። ከአጥሩ ማዶ የቡና መፈልፈያ ስለነበረ የገለባው ሽታ ቀኑን ሙሉ ይገባል። በሩ ሥር የሽንት ባልዲ ተቀምጧል።

ስገባ ባልዲውን የምትደፋው ሁልጊዜ አንዲት የታመመች ሴት ነበረች። «በተራ ይሁን፤ አዲስ የገባች በማግስቱ ትጀምራለች» አልኩ። እኔው ጀመርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዘፋኟን አመጧት። ከመድረክ ነው ያወረዷት፤ የሚያብለጨልጨውን ረጅም ቀሚስና ባለተረከዝ ጫማዋን እንዳደረገች። በሁለት ዘፈን መሐል «ይቺ ለታሰሩት ትሁን» ብላ ነበር። ወዲያው አወቅኳት። ከዲላ ወጣ ብሎ፣ ቡሌ ላይ፣ በሰርጌ ቀን የተጨፈረው በእሷ ካሴት ነው። ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ግን ዘፈን አልሰማም። ፊቴን አዞርኩ።

«የጀመርኩት እዚሁ ዲላ ነው» አለችን፣ ጉልበቷን እያሸች። «በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ሆቴል ውስጥ፣ ለሾፌርና ለቡና ነጋዴ። ከዚያ ለንጉሡ ልደት ዝፈኚ አሉኝ፣ ዘፈንኩ። ለአብዮቱ ሰልፍ አሉኝ፣ ዘፈንኩ። ቀጥለው ለመጡትም። አሁን ሰባ ሞላኝ፤ ከእንግዲህ በትእዛዝ አልዘፍንም።»

«እትዬ፣ ለእኛስ አንድ አትዪንም?» አለቻት አንዷ።

«ስገባ ፈትሸው ያላገኙት ድምፄን ብቻ ነው። እሱ ይቀመጥልኝ።» ሳቅን። እኔም ሳቅኩ፣ ፊቴን ወደ እሷ ሳልመልስ።

በማግስቱ ጠዋት የጣቢያው ኃላፊ በሩን ከፈተ። «ቅዳሜ በዓል አለን። ሁለት ዘፈን ዝፈኚልንና ወደ ቤትሽ ሂጂ» አላት። መልሷን ሳይጠብቅ ወደ ባልዲው አየ። «እሷ ይህን አትነካም። አርቲስት ናት። ሌላዋ ትድፋ።»

«ተራው የእሷ ነው» አልኩ።

«እማማ፣ አርፈሽ ተቀመጪ!»

«እኔም በተራዬ ደፍቻለሁ። ሕመምተኛዋም ደፍታለች።»

ዘፋኟ ትኩር ብላ አየችኝ። የተቀየመች መሰለኝ። «እውነቷን ነው» አለችና ወደ እሱ ዞረች። «ከባልዲው ከማርከኝ፣ ቅዳሜ አልዘፍንም በምን አፌ እልሃለሁ?»

ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ቋጠረች። ባልዲውን አንሥታ ወጣች።

ግቢው መሐል ስትደርስ ዘፈነች። የሰርጌን ዘፈን። ድምፁ ሻክሯል፣ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፤ እሷ ግን አልቸኮለችም፣ ከባልዲውም ጠብታ አልፈሰሰም። ደፋች፣ አጠበች፣ እየዘፈነች ተመለሰች። ጠባቂዎቹ ባሉበት ቆመው ቀሩ። በሩ ጋ ስትደርስ ዘፈኑ አለቀ።

«ይኸው ዘፈንኩ። ሌላ የለኝም» አለችው።

ተነሥቼ ባልዲውን በሁለት እጄ ተቀበልኳት።

ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዷት። እኔ ከተፈታሁ በኋላ ብዙ ወራት ቆይታ እንደተፈታች ሰማሁ። ተራውን ባላነሣ ኖሮ ቅዳሜ ቤቷ ትገባ ነበር ይሆን? አንዳንዴ ይህን አስባለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቸርች ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ያ ዘፈን ተከፈተ። ሾፌሩ መጽሐፍ ቅዱሴን አይቶ ደነገጠ።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ ልዝጋው?»

«ተወው፣ ይጨርስ» አልኩት።

ቤቴ ደርሰን ነበር። እስኪያልቅ አልወረድኩም።