ማራገቢያ የሚያዳምጡት ሽማግሌ
ሰቆጣ ላይ አንድ ማር ሻጭ ሽማግሌ የጌም ኮምፒውተር የሚያስገጣጥሙት ለልጅ ልጃቸው ነው ተብሎ ተወራ። ሐሰት! የልጅ ልጅም የላቸውም፤ ተጫዋቹ ራሳቸው ናቸው።

ኮምፒውተር ገጣጣሚው ሰላሕ ሱቅ ይገቡና ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው፣ ቀፎ እንደሚያዳምጥ ንብ አናቢ የኮምፒውተሩን ማቀዝቀዣ ማራገቢያዎች አንድ በአንድ ያዳምጣሉ። “ይቺ ልትናደፍ ነው፤ መልሳት።” የኮምፒውተሩ ሳጥን ከማር ቆርቆሯቸው እንዳይበልጥ፣ የጌሙን ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድም ያገለገለ እንዲሆን አዘዋል፤ የተረፈችው ብር ዝም ለሚል ማራገቢያ ናት።

“አባባ፣ ለድምፁ ምን አስጨነቀዎ? ባለቤትዎ እማማ ጌም አይወዱም እንዴ?” አለ ሰላሕ እየሳቀ።

ሽማግሌው መልሰው ጠየቁት፦ “እሷ አይደለች ያስለመደችኝ! ሌሊት ስጫወት ድምፅ ሰምታ ከነቃች ወንበሩን ትቀማኛለች። ሳልለማመድ ታዲያ መቼ ላሸንፋት ነው?”