"ማንን አስታመሽ ታውቂያለሽ?" ይሉ የነበሩት ሲስተር ታደለች

ውሸት ነው የሚለኝ ሰው ፍለጋ ስልክ ስደውል አረፈድኩ። አንድም ሰው ውሸት ነው አላለኝም።

ሲስተር ታደለች አረፉ። ጠዋት ከባህል አዳራሽ ባጃጅ ይዤ ወደ ሥራ ስሄድ ፌስቡክ ከፈትኩ። ስማቸውን ሳነብ ሌላ ታደለች መሰለችኝ። ፎቶው ግን የእሳቸው ነው። ትናንት ከሰዓት እኮ በስልክ አውርተናል! እየሳቁ ነበር የዘጉት። ማታ ድንገት ደረታቸውን ያዛቸው አሉ።

ያወራነው ስለ ወንድሜ ልጅ ስለ ሜሮን ነበር። ሰኞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዲፓርትመንት ትመርጣለች። እሷ ነርስ ካልሆንኩ ትላለች፣ አባቷ በቁሜ አይሆንም ይላል። ሲስተርም "ቅዳሜ ሁለቱንም ይዘህልኝ ና፣ አባትየውን ለእኔ ተወው" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ለማታውቋቸው፣ ሲስተር እዚሁ ከተማችን ሆስፒታል ውስጥ የሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበሩ። እኔም የነርስነት ተማሪ ሆኜ ለልምምድ ስወጣ መርፌ አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ጉዱማሌ አካባቢ ያለው የቤታቸው በረንዳ ሌላ ትምህርት ቤት ሆነ። ነርስ ልሁን አልሁን እያለ የሚያመነታ ልጅ ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት እሳቸው ጋ ይላካል። ግማሹን የላክሁት እኔ ነኝ።

ስለ ውጤት አይጠይቁም። ለምን ነርስ መሆን ፈለግሽም አይሉም፣ "እሱን ሁሉም አጥንቶ ነው የሚመጣው" ይላሉ። የሚጠይቁት "ማንን አስታመሽ ታውቂያለሽ?" ብለው ነው።

አያቴን የሚል አለ፣ ታናሽ እህቴን የምትል አለች። ቀጥለው "ምኑ አስጠላሽ?" ይላሉ። ምንም አላስጠላኝም ያለውን ልጅ ጨርሶ አያምኑትም።

አንዱ "ማንንም" አላቸው። "አክስትህ ታማለች አይደል? በል ሂድና እሷ ጋ ሰንብት፣ ከዚያ ና" ብለው ሰደዱት። ተመልሶ መጣ። "ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ደበረኝ" አላቸው። ሳቃቸው አስፋልት ድረስ ተሰማ። "ተባረክ! ራስህንም በሽተኛውንም አተረፍክ" ብለው ሻይ አጠጥተው ሸኙት። ልጁ አሁን ኢንጂነሪንግ ይማራል፣ መንገድ ላይ ካያቸው ሮጦ ሄዶ ነበር የሚስማቸው።

ነርስነቱን ለሚቀጥሉትም ቢሆን ማር አይቀቡላቸውም። ተመርቀሽ ሥራ ቶሎ ላታገኚ ትችያለሽ ይላሉ። እግርሽ ያብጣል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼም ይሁን ገና፣ ዘመድሽ ተሰብስቦ ሲበላ አንቺ ሥራ ላይ ነሽ። "አስታማሚ ይጮህብሻል። ፈርቶ ነው፣ መልሰሽ አትጩኺበት። ስትወጪ ግን ለጓደኛሽ አውሪያት፣ ይዘሽው ቤት እንዳትገቢ።" ይቺን ምክር እኔ እስከ ዛሬ እጠቀምባታለሁ።

ተማሪ ሳለሁ ያየሁት አንድ ነገር ግን መቼም ከዓይኔ አይጠፋም።

አንድ ሕፃን አረፈብን። እናቱ ከገጠር ይዛው የመጣች ወጣት ናት። በዚያች ሰዓት ውጪ የልጇን ልብስ አጥባ እያሰጣች ነበር። ከእኛ ተማሪዎች አንዱ ሊነግራት ተነሳ። ክፋት የለበትም፣ ለቤተሰብ ወዲያው በግልጽ ንገሩ ተብለን ነው የተማርነው። ሲስተር በሩ ላይ ክንዱን ያዝ አደረጉት።

"አብሯት ሰው አለ?"

"አላወቅሁም።"

"እና ብቻዋን ለቆመች እናት መርዶ ይነገራል? እናንተ ቤትስ እንደዚያ ነው የሚነገረው?"

ራሳቸው ወጡ። በሲዳምኛ ሰላም አሏትና የቀረውን ልብስ አብረዋት ማስጣት ጀመሩ። እያዋሯት ከተማ ውስጥ ወንድም እንዳላት አወቁ፣ አስጠሩት። "ልጄን ልየው" ስትላቸው "ወንድምሽ ይምጣና አብረን እንገባለን" አሏት። እስኪመጣ ከጎኗ አልተነሱም። ሲነገራት እጇ በእሳቸው እጅ ውስጥ ነበር። ያ ተማሪ ጓደኛዬ ዛሬ ጎበዝ ነርስ ነው፣ ጠዋት ስደውልለት ማውራት አቅቶት ዘጋብኝ።

ዛሬ ለሜሮን መንገር የእኔ ዕዳ ሆነ። ሲስተርን ሁለቴ አግኝታቸዋለች፣ በጣም ትወዳቸዋለች። ወንድሜን ከሥራው ጠርቼ አብረን ሄድን። አባቷ አቅፏት አለቀሰች። ከዚያ ሦስታችንም ለቅሶ ቤት ሄድን።

የሲስተር ባለቤት ጋሽ ማቴዎስ ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም። የሚያነሷቸው፣ የሚያጥቧቸው፣ የሚያጎርሷቸው ሲስተር ነበሩ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ ጋሼ ግን ወንበራቸው ላይ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተው ተቀምጠዋል። ነርሱ እኔ እንኳ ልብ አላልኩም።

ሜሮን ናት ያየችው። ጠጋ ብላ "ጋሼ፣ ልደግፍዎት?" አለቻቸው። ትራስ አምጥታ አስተካከለቻቸው። ውሃ በማንኪያ ቀስ እያለች ሰጠቻቸው፣ አፋቸውን ጠረገችላቸው። እሳቸውም ትከሻዋ ላይ ተደፍተው እንደ ልጅ አለቀሱ። ንቅንቅ አላለችም።

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ስንወጣ መንገድ ላይ "ሰኞ የፈለገችውን ትምረጥ። ስትደክም ግን አንተን ነው የምይዘው" አለኝ።

ሜሮን ግን ስለ ሰኞ አላወራችም። "ጋሼን ነገ ማን ያገላብጣቸዋል?" ነው ያለችው።

ሲስተርዬ፣ አንቺ በለኝ ሲሉኝ ኖረው አንደበቴ እምቢ አለኝ፣ ዛሬም እርስዎ እንዳልኩ ልሰናበትዎት ነው። ቅዳሜ ልናመጣልዎት የነበረችው ልጅ ዛሬ ቤትዎ ገብታለች። አባትየውን ለእኔ ተወው ብለውኝ አልነበር? ይኸው፣ እሺ ብሏል።

ጋሼን አደራ ለማለት ጊዜ አላገኙም። እኛ ግን ተቀብለናል። ነገ ጠዋት ሜሮንና እኔ እንመጣለን።

ደህና ይሁኑ፣ ሲስተርዬ።