ከአረንጓዴው ቀለም ስር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን ዘልዬ አልፋለሁ፤ ጆተኒ ነዋ! ስለ ጆተኒ ጨዋታ ማን ይናዘዛል? እኔ ግን በዚያች ጠረጴዛ የሰው ስም አጥፍቻለሁ።

መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጆተኒ አርጅቶ ነበር። ሜዳው ተቦርቡሮ፣ መስመሩ ጠፍቶ፣ ኳሷ መሃል ላይ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ትቀር ነበር። ባለቤቱ ሊጥለው ሲል "እኔ ላድሰው" አልኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ በስልክ እያየሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። አሮጌው ቀለም ተፍቆ ጣውላው ብቅ ሲል ልቤ እንዴት እንደዘለለ! ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ጉድጓዱን ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ውሃ ልኩን አጋድሜ፣ ሁልጊዜ ወደ ከፍታው የምትሸሸው አረፋዋ መሃል እስክትቆም ደግሜ ደጋግሜ ፋቅሁ። የተጣመሙትን ብረቶች ቀጥቃጩ አያ ሞላ በእሳት አቃንተው አመጡልኝ። የመጀመሪያዋ ብረት እንደ እንዝርት ስትሾር አይተን ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን።

ታዲያ እዚያ ላይ ለምን አላበቃሁም? በበሩ በኩል ካለው ጎል ፊት፣ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል፣ ሜዳውን ወደ ጎሉ ዝቅ አደረግሁት። እኔ አደረግሁት። ተሳስቼ አይደለም፤ ውሃ ልኩ እያየኝ ነው። በዚያ በኩል የሚቆመው ሁልጊዜ ጓደኛዬ ደሳለኝ ነበር። ማንም አሸንፎት አያውቅም። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ የእኔ ስም ሲጠራ መስማት አማረኝ። ከዚያ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁበት።

የተከፈተ ዕለት ገበያተኛው ሳይቀር ከበበን። አያ ሞላ ደሳለኝ እጁን ሲያፍታታ አይተው "ወይ ጉድ! የዚህ ልጅ እጅ መብረቅ ነው!" አሉ። ጀመርን። ኳሷ ደሳለኝ ጎል ፊት በደረሰች ቁጥር ተንሸራታ ገባች። አንድም ሳያገባብኝ አለቀ።

"ደሴ፣ ስር ግባ! ስር!" አለ ሰዉ ሁሉ።

በባዶ የተሸነፈ በጠረጴዛው ስር ድሆ ማለፍ ሕጋችን ነው። እርሱ ሲድህ እኔ ሰው ትከሻ ላይ ነበርኩ። ዛሬም ሳስታውሰው ያ ደስታ ይመጣብኛል። ከሁሉ የማፍረው በዚህ ነው።

ደሳለኝ "እጄ ከዳኝ" ብሎ ተኛ። እናቱ ግን ምክንያቱ አልጠፋቸውም፦ ቀጥቃጩ አድንቀውታል፣ "እግዜር ይጠብቀው" አላሉም፣ ዓይናቸው በላው። በማግስቱ ልጃቸውን እየጎተቱ አያ ሞላ ደጅ ሄዱ፤ ጎረቤቱም እኔም ተከተልን።

"በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ እንትፍ ይበሉበት!"

"ምን አድርጌ እቴ? ብረት ነው ያቃናሁ።"

"ይበሉበት ብያለሁ!"

አያ ሞላ የተሰበሰበውን ሰው አዩ። እኔንም አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ደሳለኝ መዳፍ ላይ እንትፍ አሉ። ምን አፌን ዘጋው? አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ከሰዓት ደሳለኝ ጆተኒ ቤት መጣ። "በሩ በኩል ገድ የለውም፤ ቦታ እንቀያየር" አለኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል? ተቀያየርን፤ አሸነፈኝ። ሰዉ ጮኸ፦ "ለቀቁት! ለካ እውነት ነው!" አያ ሞላ ቡዳ መሆናቸው ያን ዕለት ተመሰከረ። ምስክሩ እኔ የሠራሁት ሜዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅ ያዘለች እናት በደጃቸው ስታልፍ የልጇን ፊት ትሸፍናለች። እርሳቸውም ያቃኗቸው ብረቶች ሲሾሩ ለማየት ተመልሰው አልመጡም።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። ቀልድ ነበር አልልም፤ ለክቼ ነው የሠራሁት። አያ ሞላን ይቅር ይበሉኝ ከማለቴ በፊት ስማቸው ይመለስ። ስለዚህ ሂዱ፣ ውሃ ልክ ይዛችሁ ሂዱ፣ በሩ በኩል ካለው ጎል ፊት አጋድሙት። አረፋዋ ሸሽታ የምትሄደው የተከፈተ ዕለት እኔ ወደቆምኩበት ነው።