ጋሽ ምላጭ ትንፋሹን የለቀቀ ዕለት

ከስሜ በቀር ብዙ ጽፌ አላውቅም። ፊደሌ ቢንጋደድ፣ ነገሬ ቢንዛዛ ይቅር በሉኝ፤ የጋሽ ምላጭን ነገር ሳልጽፈው ብቀር ግን ይቆጨኛል።

ጋሽ ምላጭ የሰፈራችን ፀጉር ቆራጭ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ልቡ ድንገት እንደ ደነበረ ፈረስ ይጋልብበት ነበር። ያኔ «ምላጭ ልቀይር» ብሎ መጋረጃው ጀርባ ይገባል፤ ትንፋሹን ቆልፎ፣ ሆዱን ወጥሮ ሲያምጥ ልቡ አደብ ይገዛል። ከሚስቱ በቀር ያወቀበት አልነበረም።

አንድ ቀን ግን ምላጩ ሰው ጉሮሮ ላይ እንዳለ ግልቢያው መጣበት። እጁ ተንቀጠቀጠ። ደንበኛውን አልቆረጠውም፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ምላጭ አልጨበጠም። ጢም የሚላጭ ሲመጣ «ዛሬስ ምላጭ የለም» ይላል። ምላጭ የሌለው ጋሽ ምላጭ!

ሐኪሞች መረመሩት። ልቡ ውስጥ ትርፍ የኤሌክትሪክ መስመር አለ፤ በደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብተን በሙቀት እንተኩሰዋለን አሉት። ይህን የሚሠራው ክፍል በአገሩ አንድ ብቻ ነውና ተራው እስኪደርስ ዓመት ጠበቀ።

ዕለቱ ደረሰ። ነርሷ ሽቦው የሚገባበትን ብሽሽቱን ስትላጭ አላስቻለውም።

«የኔ ልጅ፣ ምላጩን አጋደም አድርጊው።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ታካሚ ነዎት!»

አላስተኙትም፤ ቦታውን ብቻ አደነዘዙት። «ሆን ብለን እንቀሰቅሰዋለን፤ መስመሩን የምናገኘው ልብዎ ሲጋልብ ነው» አለችው ዶክተሯ። ቀሰቀሱት፤ ጋለበ። ወዲያው ቀጥ! ደገሙት፤ ቀጥ! ሦስተኛም እንዲሁ።

«ይሄማ አመለኛ ነው» አለች ዶክተሯ። «እንዲህ ካመለጠን ዛሬ አንተኩሰውም።»

ጋሽ ምላጭ ክው አለ። ሌላ ዓመት ሊጠብቅ?

ነርሷ ሆዱን አየችው፤ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እንዳላስቸግራችሁ ብዬ... እያስቆምኩላችሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አባቴ፣ ሌባውን እያስመለጡ ያዙልኝ ይላሉ? ይልቀቁት!» አለች ዶክተሯ።

መልቀቁ ከበደው። የነርሷን እጅ ጨብጦ ትንፋሹን ለቀቀ። ልቡ ጆሮው ድረስ ጋለበ።

«እሱ ነው?» አለችው ዶክተሯ።

«እሱው ራሱ!»

ተኮሱት። ደረቱ ውስጥ ሞቅ አለው፤ ከዚያ ጸጥ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቢቀሰቅሱት አልነሳ አለ።

«አሁንም እርስዎ ይዘውት ነው?»

«ኧረ በልጆቼ! የለሁበትም።»

«እንግዲያው ሄዷል።» ጋሽ ምላጭ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንባውን ጠረገ።

በማግስቱ ጠዋት አጠገቡ የተኛው ሾፌር ለዚያው ሕክምና ተራውን እየጠበቀ በፍርሃት ይንቆራጠጣል። ጢሙ አድጓል። ጋሽ ምላጭ ዶክተሯን አስፈቅዶ ከነርሷ ምላጭ ተቀበለ፤ ሾፌሩን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሳሙና ቀባው። ምላጩን ጉሮሮው ላይ አሳርፎ ፈረሱን ጠበቀ። ፈረሱ አልመጣም። እጁም ንቅንቅ አላለም።

«ስማ ወንድሜ» አለው፣ «ትንፋሽህን እንዳትይዝ።»

«እዚህ ነው ወይስ እዚያ ክፍል ውስጥ?»

«እዚህም፣ እዚያም» አለና ጉንጩን ገፋ አድርጎ መላጨቱን ቀጠለ።